ክረምት ሲገባ፦ ስለ ታንኳችንና ስለ መረባችን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለነዋሪው የተደረገ ንግግር)



ሰኔ ገብቷል። ታንኳ ያለን ሁሉ ደንገላችንን ቆርጠን፣ አድርቀን፣ አስረን ተዘጋጅተናል። እንጀራችን ነውና ደግ ነው። ነገር ግን ሁለት ጉዳይ እንነጋገር።

አንደኛው ስለ ሕይወታችን ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ከሐይቁ እንደ ወጣ አቁመን ካላደረቅነው ባለቤቱን ይከዳል። ጣና ጧት ጧት ዝም ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ በማለዳ ወጥተን በጊዜ እንመለስ፤ ልጆችንም ብቻቸውን አንላክ።

ሁለተኛው ስለ ዓሣው ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣል። በወንዝ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያነሣል። አብዛኛው የነጭ ዓሣ ዓይነት ከጣና በቀር የትም አይገኝም። ተመራማሪዎች እንደ መዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በባሕር ዳር በኩል ከግማሽ በላይ ቀንሷል። እኛስ መረባችን እየቀለለ ሲመጣ አላየንም እንዴ? አንደባበቅ፤ በወንዝ አፍ የጣልን ከመካከላችን አለን።

ስለዚህ ዘንድሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በወንዝ አፍ መረብ አንጣል፤ ቀዳዳው የጠበበ መረብም አንግዛ። በዚህ ምክንያት የሚቸገር ቤት ካለ ሳያፍር ለማኅበሩ ይንገር፤ ካለችን ሣጥን እንረዳዳለን። እናቲቱን ዛሬ ብናሳልፋት ልጆቿን የሚያጠምዱት የእኛው ልጆች ናቸው።