በእጅ በሚሠራ የወጥ ቤት ዕቃ ላይ ምን ይቀባ?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



በመካከላችን ማማሰያ፣ መክተፊያና የእንጨት ሳህን እየጠረቡ፣ ሸክላም እየሠሩ የሚተዳደሩ አባሎች አሉን። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ ጉዱማሌ በእንግዳ ይሞላል፤ ገበያም ይኖራል። ገዢ የሚያብለጨልጭ ዕቃ ስለሚወድ አንዳንዱ ሠሪ ቫርኒሽ ወይም ኢፖክሲ ይቀባል። ያ የሚያብለጨልጨው ከወጡ ጋር ሆድ ቢገባስ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ኢፖክሲ የሚሠራው ከሁለት ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። ፋብሪካው በጻፈው ልክ ሲደባለቁ ተያይዘው ይጠነክራሉ። ልኩ ከተዛባ ወይም በደንብ ካልተማሰለ ያልተያያዘው ፈሳሽ ውስጡ ይቀራል። በእጅ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ጨርሶ ለመጠንከር ቀናት፣ አንዳንዱም ሳምንታት ይፈጅበታል። የጠነከረውም ቢሆን ብዙው ዓይነት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ከእሳት የወረደ ወጥ ደግሞ ከዚህ በጣም ይበልጣል። በዚያ ላይ ቅባት ያለው ትኩስ ምግብ ከቅቡ ውስጥ ያልተያያዘውን ይስባል። ቅቤ የበዛበት ቡርሳሜ የምንበላ ሰዎች ይህን መርሳት የለብንም።

ስለዚህ የምንመክረው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ ማማሰያ፣ ማንኪያ፣ መክተፊያና ትኩስ የሚቀርብበት ሳህን ኢፖክሲም ሆነ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ አይቀባ። መክተፊያማ ቢላዋ ሲፍቀው ቅቡ እየተላጠ ከሥጋው ጋር ይሄዳል።

2ኛ/ ለእነዚህ የሚሆነው ለምግብ የተጨመቀ ንጹሕ የተልባ ዘይት ነው። ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ትርፉን ጠርጎ፣ ሳምንታት አየር ላይ ማቆየት ነው። በቀለም መደብር «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ቶሎ እንዲደርቅ ቅመም ስለሚገባበት አይሆንም። ንጹሕ የንብ ሰም ከዘይቱ ጋር አቅልጦ መቀባትም ይቻላል፤ በ60 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ግን በየጊዜው መደገም አለበት።

3ኛ/ ሸክላ በቅብ አይደፈን። እናቶቻችን እንደሚያውቁበት ይሟሽ።

4ኛ/ ኢፖክሲ ለጌጥ ወይም ለደረቅ ነገር ማስቀመጫ ይሁን። ያም ቢሆን ቆርቆሮው ላይ ለምግብ ዕቃ እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበት ይገዛ፤ «መርዝ የለውም» የሚለው ብቻ አይበቃም። ልኩና የመጠንከሪያው ቀን ይጠበቅ። ፈሳሹ ቆዳ ስለሚያሳክክ ያለ ጓንት አይነካ።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። የአንዱ ቤት እሳት ለጎረቤትም ይተርፋል።

«ካላብለጨለጨ ማን ይገዛናል?» የሚሉ አባሎች አሉ። ነገሩ እንጀራ ስለሆነ ንቀን አናልፈውም። ነገር ግን ቅቡ የተላጠበት ገዢ ሁለተኛ አይመለስም፤ ወሬውም ለሁሉም ሠሪ ይተርፋል። ስለዚህ ሻጭ ምን እንደቀባ ሳይጠየቅ ይናገር። እኛም ስንገዛ ከዋጋው በፊት «ምን ተቀብቷል?» ብለን እንጠይቅ። በዘይት የተሠራው ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢል ሳምንታት የቆየበት ድካም መሆኑን አንርሳ።