ስለ ባሕር ጠለቃ የተደረገ ንግግር



እኛ የጎንደር ልጆች የምናውቀው ትልቁ ውሃ ጣና ነው፤ ጥልቀቱም ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ቀይ ባሕር ግን ሌላ ነው። ዛሬ በኤርትራ ግዛት በሚገኙት የዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ፣ የኢጣልያ ጠላቂዎች በ1952 እና በ1953 እ.ኤ.አ. ዓሣውንና ኮራሉን መርምረው «ስድስተኛው አህጉር» የተባለውን ፊልም አነሡ።

ጠላቂ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር ግፊቱ በ1 አትሞስፌር ይጨምራል፤ ከሚተነፍሰውም አየር ናይትሮጅን በደሙ ይሟሟል። ቸኩሎ ቢወጣ ደሙ እንደ ተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ያነሣና ሕይወቱን ያሰጋዋል። ስለዚህ ጠልቆ የዋለ ሰው በዚያው ቀን ከምጽዋ ተነሥቶ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለችው አስመራ ቢወጣ አደጋ ነው።

ለእኛ ለደገኞች ምክሩ ይህ ነው፤ መውረድ ድፍረት፣ መውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ግን ዋና እንኳ አናውቅም፤ አስቀድመን እርሱን እንማር።