የእናቶቻችን ስፌት ከእኛ በኋላ የማን ይሁን?

(በናይሮቢ በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ እናቶቻችን ስፌት እንድንናገር ሲጠይቀን ውበቱን እንድናወድስ አስቦ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ግን፣ ይቅርታችሁንና፣ በበዓል ቀን የማይነሣውን እናነሣለን፤ ባለቤቶቹ ሲያልፉ መሶቡና ሙዳዩ የት ይግባ?

በየቤታችን ያለው ቀላል አይደለም። ከጎጃምና ከወሎ የመጣ፣ በአክርማና በአለላ የተሰፋ አለ። ከሐረር ከሙሽራ ጋር የመጣ አለ። አለላ ሲጠፋ እዚሁ በሱፍ ክር የተሰፋም አለ። አንድ መሶብ የስንት ወር ሥራ እንደሆነ ወስፌ የያዘች ታውቀዋለች።

ሐዘን ሲደርስ ያየነው ይህን ነው። ልጆች ከቶሮንቶ፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከዱባይ ይመጣሉ። ፈቃዳቸው አጭር ነው፤ የኪራይ ቤቱም በወሩ መጨረሻ ይለቀቃል። ወርቁና ሰነዱ ይለያል። ስፌቱ ሻንጣ ውስጥ አይገባምና ለመጣው ሁሉ ይታደላል። ማን እንደሰፋው፣ ለማን እንደታሰበ የምታውቀው አንዲት ሰው ነበረች፤ እርሷም ተቀብራለች። ከዓመታት በኋላ «የእማማ ሙዳይ እኮ ለእኔ ነበር» ተባብለው የተኮራረፉ እህትማማቾችንም አይተናል።

እናቶቻችን ቡና ላይ «ይህ የእገሊት ነው» ይላሉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። በእኛ ልማድ የእናት ቃል አደራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የኬንያ የውርስ ሕግ ግን የእንደኛን ሰው የቃል ኑዛዜ የሚቀበለው፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ተነግሮ ተናዛዡ በሦስት ወር ውስጥ ካረፈ ብቻ ነው። የጽሑፍ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው አራት ምስክሮች ይጠይቃል፤ በፊታቸውም ይነበባል። እንግዲህ አራት አድርጉት፤ ቡና ላይ አራት ሰው አይጠፋም። ስፌት የሚደርሰው ሰው ግን ምስክር አይሁን። ቤትና መሬት ያለው ጠበቃ ያማክር።

ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቹን ጠይቁ። አልፈልግም የሚል ልጅ ቢኖር ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጠባብ አፓርታማ ትልቅ መሶብ አይችልም። አሥር መሶብ ተጭኖባት ጓዳ ከምትከት ልጅ፣ አንዲት ሙዳይ ወድዳ የምትቀበል ትሻላለች። የቀረውን በሕይወት ሳላችሁ መርቃችሁ ስጡ። መሸጥም ነውር አይደለም።

ለሙዚየም እንስጥ የምትሉ አላችሁ። በአዲስ አበባ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አንዱ ነው። ነገር ግን አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፤ ሙዚየም የመጣለትን ሁሉ አይቀበልም። መጀመሪያ የሚጠይቀውም ማን ሰፋው፣ የት፣ መቼ ብሎ ነው።

መልሱን በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ በጥጥ ክር እሰሩበት። ሙጫና ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሲነሣ አለላውን ይዞ ይነሣል። ፀሐይ ካለበት መስኮትም አርቁት።

ከመጪው ወር ጀምሮ ወጣቶቻችን ካሜራና ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ይመጣሉ። ስፌቱን አውርዳችሁ፣ አቧራውን አራግፋችሁ ጠብቋቸው። ድምፃችሁንም ይቀዳሉ፤ ስለዚህ ሬዲዮውን ዝጉት።