የተፋቀው ስም

ወገኖቼ፣ እዚህ ያሰባሰበን ጭንቀት ለማንኛችሁም እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የብራና መጻሕፍት በኢንተርኔት ገበያ ዋጋ ተለጥፎባቸው ታይተዋል። ያየ ሰው አንጀቱ አይችልም፤ «አዋጥተን እንግዛውና ለአገሩ እንመልሰው» የሚለው ሐሳብም የሚመጣው ከዚያ ነው። ቅንነቱን አከብራለሁ፤ ቢሆንም አትግዙ እላለሁ። የተዘረፈ ቅርስ ወደ ቤቱ የሚገባው የማን እንደነበረ የሚመሰክርለት ሲኖር ነው፤ እኛ የምናዋጣው ገንዘብ ደግሞ ምስክሩን ያጠፋል።

የመቅደላን ዘረፋ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎታል። ከአራት ዓመት በኋላ አፄ ዮሐንስ ሁለት ነገር በስም ጠርተው ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥትን እና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል። መጽሐፉ በብሪቲሽ ሙዚየም ነበርና ተመለሰ። ሥዕሉ ግን የት እንዳለ አይታወቅም ተባለ፤ ከጦሩ ጋር የዘመተው የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበር። መዝገብ ላይ ያለው ተገኘ፣ ግለሰብ ቤት የገባው ተሰወረ። የእኛም ሳሎን የግለሰብ ቤት ነው። ገዢው ቢያልፍ ግዕዝ የማያነቡ ልጆች ይወርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

«እኛ ባንገዛው ሌላ ሰብሳቢ ይወስደዋል» የምትሉኝ አላችሁ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ አንዳንዱን በእርግጥ እናጣዋለን። ግን ሻጩ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። በብራና ዳር ወይም መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ማን አጽፎ ለየትኛው ደብር እንደሰጠ ይጻፋል፤ የሰረቀውን የሚያወግዝ ግዝትም ይከተላል። ሌባ መጀመሪያ የሚፍቀው የደብሩን ስም ነው፤ ቦታው ይሳሳል፣ ጭረቱም ይታያል። ሥዕል ያለበትን ቅጠል ቆርጦ ለብቻው ይሸጠዋል። ገበያ እስካገኘ ድረስ ምላጩን አያስቀምጥም።

ምስክሩን የሚያቆየው መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. የ1954ቱ የሄግ ስምምነት መንግሥታት ቅርሳቸውን ለመጠበቅ ገና በሰላሙ ጊዜ እንዲዘጋጁ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አዲስ አበባና ሚኒሶታ ተቀምጧል። ፊልም ላይ ያለን ስም ምላጭ አይፍቀውም። መዝገብ ለሌባ መንገድ ያሳያል ብለው የሚሰጉ አባቶች አሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ዝርዝሩን ከአደባባይ አርቆ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው እንጂ ሳይመዘግቡ መቅረት አይደለም፤ ያልተመዘገበውን የሰረቀ ማን ይከሰዋል?

ስለዚህ ማስታወቂያ ስታዩ ለሻጩ አትጻፉ። እያንዳንዱን ፎቶ፣ የሻጩን ስም፣ ቀኑንና ዋጋውን በስክሪንሾት አስቀሩና በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ለቅርስ ባለሥልጣን አድርሱ። ከዚያ የቤታችሁን አልበም ግለጡ። በድሮ የጥምቀትና የሠርግ ፎቶ ላይ ቄሱ የያዙት መስቀል፣ ዲያቆኑ የተሸከመው ወንጌል ይታያል፤ ያም ምስክር ነው። ከፎቶው ጀርባ ላይ የደብሩን ስምና ዓመቱን ዛሬ ማታ ጻፉበት።