ሕክምናው ሕመምተኛው ካለበት ይምጣ፦ ስለ ሱስ ሕክምና ለመምከር በአቀስታ በተጠራ ዐውደ ጥናት ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ካህንና ሼኽ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለ ልጆቹ መምከሩ ለወሎ አዲስ ባይሆንም ዛሬም ምስጋና ይገባዋል። የዚህ መድረክ ዓላማ የሱስ ሕክምና በአካባቢያችን ይከፈት ወይስ አይከፈት በሚለው ጉዳይ ላይ የጋራ ግንዛቤ መያዝና ቀጣይ አቅጣጫ ማመላከት ነው። ከዚያ በፊት ግን የራሳችንን አቋም ሳልደብቅ ልናገር። እኛ የለጋምቦ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች ይከፈት እንላለን። ሕክምናውን እንደ ደሴና አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ብቻ ያስቀመጠ አሠራር ሕመሙ ራሱ ከሚሰጠን ጊዜ ጋር አይሄድምና።

በእኛ አካባቢ የሱስ ነገር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ጫትና ወደ ሺሻ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ጫት ይወቅሳል፤ ሌላው የጎረቤቱን አረቄ ይኮንናል፤ ሁሉም በራሱ ቤት ያለውን ይዘላል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ሁለቱንም አብሮ ያሳየናል። ጫት ቅመው የሚያውቁት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ሲሆኑ፣ አልኮል ጠጥተው የሚያውቁት ከወንዶች 46 በመቶ፣ ከሴቶች 35 በመቶ ነበሩ። መቅመስና በሱስ መያዝ የተለያዩ መሆናቸው ግልጽ ነው። ሆኖም አገሪቱ ከጫት ይልቅ አልኮልን አብዝታ እንደምትቀምስ ቁጥሩ ይመሰክራል። ደግሞም ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ከሰዓት በኋላ የቃመው ወጣት ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ብሎ መጠጥ ይፈልጋል። አረቄን እንደ ሱስ የማንቆጥረው ለብርድ ይሆናል፣ ድካም ያወጣል እያልን ስለለመድነው ነው። የደጋው ብርድ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። አረቄ ግን የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ለጊዜው ያሞቃል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣ ነገር ነው።

አሁን ዋና ወደምለው ልምጣ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም ምን እንደሚደርስበት ሐኪሞቻችን ያውቃሉ፤ ቤተሰብ ግን አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል። በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ አንዳንዱ የሌለ ሰው ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ይህን ያየ ቤተሰብ ጂን ነው ወይም ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ አስሮ ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም፤ የሚያየው ነገር ያስደነግጣልና። ነገር ግን ያ ሰው ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ልጃችንን አረቄ እናስተወዋለን ብለው በቅን ልብ ክፍል ውስጥ የሚቆልፉበት ወላጆች የሚያጋልጡት ለዚህ ነው። መድኃኒቱስ? በልክ እየታየ የሚሰጥ ዳያዜፓም፣ ቫይታሚን ቢ1፣ ፈሳሽ፣ ሌሊት የምትከታተል ነርስና ጸጥ ያለ አልጋ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሊያገኘው የማይችል ብርቅ ነገር አላየሁም።

በጤናው ዘርፍ ያለን ሰዎች ዘወትር የምንሰማው ወቀሳ ሪፈር ከመጻፍ ያለፈ አትሠሩም የሚል ነው። ለወቀሳው መልስ መስጠት አለብኝ፤ ምክንያቱም ነገሩ ከአንድ ጽሕፈት ቤት በላይ ነው። የአዲስ አበባው አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። እዚያው አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለሱስ ብቻ የተለየ ክፍል የተከፈተውም በቅርብ ዓመታት ነው። ከዚህ ተነስቶ ደሴ ለመግባት መኪና ማግኘት፣ አስታማሚ ማግኘት፣ ብር መበደር ያስፈልጋል፤ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሦስት አራቱ አደገኛ ቀናት የሚያልቁት በዚህ ዝግጅት ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በሰሜኑ የአገራችን ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎት ሲያቆም፣ ሁሉን ነገር በአንድ ከተማ ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የአእምሮ ሕመምንና የሱስን ሕክምና ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎች ሠልጥነው እንዲሰጡት የሚመክረው ያለምክንያት አይደለም። ስለዚህ የምንጠይቀው በአጥር የተከለለ ትልቅ ግቢ አይደለም፤ እዚሁ አሁን ባለው ሆስፒታላችን ውስጥ ጥቂት አልጋዎች፣ የሠለጠኑ ነርሶችና የማይቋረጥ መድኃኒት ነው።

ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተቃዋሚዎቹም ለከተማቸው የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ሕክምናው እዚህ ቢከፈት ከየአገሩ ሱሰኛ ይሰበስብብናል፣ የከተማችን ስም ይጠፋል የሚለው ሥጋት ቀላል አይደለም። ለዚህ ሥጋት ግን እዚሁ ወሎ ውስጥ መልስ አለ። ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሰው ሁሉ ይሸሸው ለነበረው ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ሕክምና የታወቀ ነበር። ዛሬ የቦሩ ሜዳ ስም የሚነሳው በዓይንና በቆዳ ሕክምናው ነው፤ ሕዝቡም ሌላውን ሕመሙን ይዞ ይሄድበታል። የሚያስፈራን ሱሰኛ ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ አሁንም ያለው በየቤታችን ጓዳ ነው። እናቶችና ሕፃናት መድኃኒት እያጡ ለሰካራም አልጋ ይያዛል ወይ የሚሉም አሉ። ይህ ሰው ግን ዛሬም አልጋ ይዟል፤ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው በሌላ ስም ነው። ስብራት ይባላል፣ የጨጓራ መድማት ይባላል፣ የጉበት ሕመም ይባላል፣ የቲቢ መድኃኒት ያቋረጠ ይባላል። እናቲቱም ብዙ ጊዜ የእሱ ሚስት፣ ሕፃኑም የእሱ ልጅ ነው። በገዛ እጁ ያመጣው ነው ለሚሉትም፣ ሐኪም ቤት የሕመምተኛን ጥፋት መዝኖ አልጋ የሚሰጥ ከሆነ አብዛኞቻችን ደጅ እንቀራለን እላለሁ።

ጠበሉና ዱዓው ይበቃል የሚለውን ለብቻው የማነሳው ከልብ ስለማከብረው ነው። ብዙዎች በእምነታቸው ጠንክረው መጠጥም ጫትም እንደተዉ አይካድም፤ ሕክምናውም የእምነትን ቦታ ሊወስድ አይመጣም። አባቶቻችንን የምለምነው ስለ መጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ነው። ለዓመታት የጠጣ ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣላችሁ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ እንዳይሰነብትና እንዳይታሰር አድርጋችሁ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ላኩልን፤ ከአራት ቀን በኋላ ራሳችን ወደ እናንተ እንመልሰዋለን። ይህን የምለው ሆስፒታሉ ብቻውን እንደማይበቃ ስለማውቅም ነው። ከአልጋ የወጣ ሰው ሥራ ካጣ፣ ከመረዳጃ ቅሬው ከተገለለ፣ ያው ጓደኛ ያው ቤት ከጠበቀው ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ተመልሶ ቢመጣም እንደገና መታከም አለበት። ወጣቱ ገና ከመነሻው እንዳይያዝም ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ይህን በየመንደሩ ማስከበር ደግሞ የእኛ የሹማምንቱና የነጋዴዎቻችን ሥራ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከዚህ በኋላ ባለው ውይይት ሥጋታችሁን ሳትቆጥቡ ተናገሩ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ግን ቢያንስ በአንድ ነገር ተስማምታችሁ እንድትወጡ አደራ እላለሁ፤ አረቄ ያቆመ ሰው ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ አትቆልፉበት፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አምጡት። ዐውደ ጥናቱ በይፋ መከፈቱን በዚሁ አበስራለሁ።