ቀንድ አውጣና የደጃችን ችግኝ

(በገሳይ ለአዳዲስ አንባቢዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ትንሽ ሌባ ነው። እግር የለውም፤ ግን ሌሊት ይሄዳል። ጥርሱ አይታይም፤ ግን ቅጠል ይጨርሳል። ስሙ ቀንድ አውጣ ነው።

ክረምት ሲገባ የጉና ጭጋግ በገሳይ ላይ ይወርዳል። መሬቱ ይርሳል። ቀንድ አውጣ የሚወደው ይህንኑ ነው። ገላው ለስላሳ ስለሆነ ፀሐይና ደረቅ አፈር ያደርቁታል። ስለዚህ ቀን ከድንጋይ ሥር፣ ከሣር ውስጥ፣ ከማሰሮ ግርጌ ተደብቆ ይውላል። ሲመሽ ይወጣል። ምላሱ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው፤ ቅጠሉን እየፋቀ ይበላል። አንዳንዱ ቤቱን በጀርባው ይሸከማል። አንዳንዱ ቅርፊት የለውም። ጥፋታቸው ግን አንድ ነው።

አሁን የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። እኔ ከተማ ያደግሁ ተማሪ ነኝ። ያረፍሁበት ቤት እመቤት በሰባራ እንስራና በአሮጌ ድስት የጎመንና የሰላጣ ችግኝ አፍልተው ነበር። ጎመኑ ለልጆች ወጥ ነው፤ ሲተርፍም ለገበያ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ግማሹ ችግኝ አገዳው ብቻ ቀርቷል። በላዩም የሚያብረቀርቅ ልጋግ አለ። እኔም አዋቂ መስዬ፣ «እማማ፣ ጨው ይገድለዋል» አልሁና አንድ ጭብጥ ጨው አፈሩ ላይ በተንሁ። ቀንድ አውጣው ሞተ። ከሳምንት በኋላ ግን የተረፈውም ችግኝ ጠወለገ። ጨው አፈሩን አበላሽቶት ኖሯል። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ሌባውን ልትገድል ቤቱን አቃጠልህ» አሉኝ። አፈርሁ። አፈር ቀይረን እንደገና ዘራን። ከዚያም በሌላ መንገድ ሞከርን።

አንደኛ፣ ሲመሽና ጎሕ ሲቀድ በባትሪ እየፈለግን በእንጨት ለቀምን። የለቀምነውን ጨፍልቀን ቀበርን።

ሁለተኛ፣ ማታ ማታ እርጥብ ጆንያ ከችግኙ አጠገብ አነጠፍን። ጠዋት ስንገልጠው ከሥሩ ተሰብስበው አገኘናቸው።

ሦስተኛ፣ እንስራዎቹን ከመሬት አንስተን በድንጋይ ላይ አስቀመጥን። ግርጌያቸውንም እናያለን፤ እንደ ዶቃ ክብ የሆኑ ነጫጭ እንቁላሎች እዚያ ይገኛሉ። ዙሪያውን ሣር አጨድን። ቅጠሉ ግድግዳ ወይም ሣር እንዳይነካ አደረግን፤ ቅጠል ድልድይ ይሆንለታልና።

አራተኛ፣ ዝናብ ሲጠፋ ውኃ የምናጠጣው ጠዋት ነው። ማታ ከጠጣ አፈሩ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል።

አመድስ? ደረቅ አመድ ያግደዋል። ዝናብ ሲያርፍበት ግን ኃይሉ ያልቃል። በክረምት በአመድ ብቻ አትመኑ።

«እንዶድስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው መልካም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ የውኃ ቀንድ አውጣዎች አዩ። መርምረውም የገደላቸው እንዶዱ መሆኑን አረጋገጡ። የውኃው ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን በሽታ ያስተላልፋልና ነገሩ ትልቅ ነበር። የእናቶቻችን የልብስ ማጠቢያ ለዓለም ትምህርት ሆነ። የእኛ ሌባ ግን የየብሱ ነው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ ለችግኝ ብለን ወደ ምንጭና ወንዝ አንድፋው።

ከገበያ የሚገዛ መርዝም አለ። ነገር ግን ውሻና ዶሮ ሊበሉት፣ ሕፃንም ሊነካው ይችላል። ለጥቂት እንስራ ችግኝ እጃችን ይበቃል።

እኒያ እናት ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው። በየጠዋቱ የለቀሙትን ቆጥረው በደብተር ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ቀን 41 ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 12 ሆነ። ባለፈው ማክሰኞ 3 ብቻ። ቁጥሩን ያነበቡልኝ ራሳቸው ናቸው።

እናንተም ዛሬ ማታ ጆንያ አንጥፉ። ነገ ጠዋት ቆጥራችሁ ጻፉ። ቁጥሩ ካልቀነሰ፣ ግርጌው ያልታየ አንድ ማሰሮ አለ ማለት ነው።