የሕፃናት መጻሕፍት በቤት ውስጥ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ስለ ሕፃናት ንባብ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያዘነብላል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት መክፈታቸው፣ ኋላም በሐዋሳ አህያ በሚስበው ጋሪ መጻሕፍትን ለልጆች ማዳረሳቸው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ሕፃን ከማናቸውም ቤተ መጻሕፍት ይልቅ ረዥሙን ጊዜ የሚያሳልፈው በገዛ ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዚህ ጉድለት ሸክም ሁሉ በመምህሩ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

በጅማ፣ ለምሳሌ በጊንጆ ሠፈር፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አፋን ኦሮሞና አማርኛ ሲነገሩ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁንና ችግሩ ከቋንቋው ይልቅ በጽሕፈቱ ላይ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋን ኦሮሞም ሳይቀር የተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቋንቋው የሚጻፈው በቁቤ፣ ይኸውም በላቲን ፊደል ነው። ከዚህም የተነሣ ያን ጊዜ ፊደል የቆጠሩ አያት ቋንቋውን አሳምረው እያወቁ የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ማንበብ ይሳናቸዋል። ሆኖም ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ ስሕተቱን በጆሯቸው ያርማሉ፤ መምህራን ይህን የቤት አራሚ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ስለዚህ በቤት የሚሰበሰቡት መጻሕፍት በሁለቱም ጽሕፈት ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱን አያት ለልጁ ያነቡለታል፣ ሌላውን ልጁ ለአያቱ ያነብላቸዋል።

ብዛቱ ማንንም አያስፈራ። ለመነሻ አምስት መጻሕፍት ይበቃሉ፤ ትንሽ ልጅ አንዱን ተረት ሃያ ጊዜ ቢሰማ አይሰለችም። የግዢውም ወቅት ሊታሰብበት ይገባል። መስከረም የደብተርና የደንብ ልብስ ወጪ የሚበዛበት ወር ነው። በአጋሮና በሊሙ አካባቢ ግን ቡና ተለቅሞ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ለአንድ መጽሐፍ የሚሆን ያን ጊዜ ቢለይ ይቀላል።

የጅማ ዝናብ ብዙ ነው፤ በመሬት ላይ ወይም በጭቃ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠን መጽሐፍ እርጥበትና ምስጥ ይጨርሱታል። ከግድግዳው ጥቂት የራቀች፣ ልጁ እጁን ዘርግቶ የሚደርስባት አነስተኛ መደርደሪያ ለአናጢ ቀላል ሥራ ናት። እንዳይቀደድ በሚል ስጋት በቁም ሣጥን ቆልፎ ማስቀመጥ ግን ባይገዙት ይሻል ነበር ያሰኛል።

መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ያጣ ቤተሰብም ቢሆን ባዶ እጁን አይቀርም። በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ከደብተሮች የተረፉት ንጹሕ ገጾች በክር ይሰፋሉ። አያት ተረቱን ይተርካሉ፣ ታላቂቱ በቁቤ ትጽፈዋለች፣ ታናሹ ደግሞ ጅቡንና ቀበሮውን ይሥላል።